ያልነበረኝን ኪሎ ስቀንስ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

56.4። ትናንትም 56.4፣ ከትናንት ወዲያም 56.4። ሚዛኑ ላይ ቆሜ ትንፋሼን ባወጣም ያው ነው። የምጫወተው በ54 ኪሎ ነው፤ አዳማ ላይ ለክልል ቡድን ምርጫ የምንመዘነው እሁድ ነው። ስድስት ቀን ይቀራል፣ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ይቀራል።

ይህን ደብተር የሰጡኝ የቦክስ አሰልጣኜ ኮች ተስፋዬ ናቸው። "ክብደትሽን፣ የበላሽውንና የተኛሽበትን ሰዓት ብቻ ጻፊ" ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ እስክሪብቶ ከያዝኩ አላርፍም። እንደማያነቡት አውቃለሁ፤ መነጽራቸውን ሁልጊዜ ቤት ይረሳሉ።

የበላሁት፦ ጠዋት አንድ እንቁላል። ምሳ አንድ ሙዝ። ማታ የቡና ገለባ ሻይ ያለ ስኳር፣ ሁለት ብርጭቆ። እማዬ ባዶ ሳህኔን አይታ ዝም አለች። የእሷ ዝምታ ከስድብ ይከብዳል።

ሥራ ቦታ ዓመቱን የምንጠብቀው ግርግር ላይ ነን። ጅማ አጠገብ ሰርቦ፣ በአሠሪዬ በሐጂ የቡና መረከቢያ ውስጥ መዛኝ ነኝ። ገበሬው ቀይ እሸት ቡናውን በጆንያ ያመጣል፤ እኔ እመዝናለሁ፣ የሚቀነሰውን ቀንሼ እጽፋለሁ፣ እሱ "አበዛሽው" ይለኛል፣ እንጨቃጨቃለን፣ ከዚያ ይመርቀኛል። ሰው ሲያልቅ ሚዛኑ ላይ ራሴ እወጣለሁ። የክለባችን ሚዛን ከተበላሸ ቆይቷል። ኮች "አንቺ እኮ የሚዛን ባለሙያ ነሽ" ብለው የክብደቴን ነገር ለራሴ ትተውልኛል።

ካቻምና ለክልል ምርጫ ስዘጋጅ አውራ ጣቴ ተሰበረ። አምና ትከሻዬ ወለቀ። ዘንድሮ ሃያ ሰባት ሞላኝ፣ ሁሉ ነገሬ ቦታው ላይ ነው፣ ትርፉ ኪሎው ብቻ ነው። በኪሎ አልቀርም። ወላሂ አልቀርም።

ዛሬ ከመረከቢያው አንድ ቁራጭ ላስቲክ ለምኜ ይዤ መጣሁ፤ ዝናብ ሲመጣ ቡናው የሚሸፈንበት ነው። ከሃዊ ጋር በመቀስ ለሁለት ቆረጥነው፣ የአንገትና የክንድ ማውጫ ቀደድንለት። ሃዊ የክለባችን ልጅ ናት፤ ሃያ ዓመቷ፣ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት። እሷም በኮሌጇ ክሊኒክ ሚዛን 59 ናት፤ ወደ 57 መውረድ አለባት። ከሹራብ ስር ለብሶ መሮጥ ነው። ዘዴውን የሰማነው ከኮች ነው። በወጣትነታቸው በማዳበሪያ ከረጢት ሮጠው በሁለት ቀን ሦስት ኪሎ አውርደዋል፤ ሲያወሩት ጀብዱ ነው። ሃዊ ለብሳ መስታወት ስታይ "አቦ፣ የቡና ችግኝ መሰልን" አለች። ስቀን ሆዳችን ታመመ። ባዶ ሆድ ሲስቁበት ያማል።

የተኛሁት፦ ገና ነኝ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

55.3። አልሃምዱሊላህ።

ማለዳ ላስቲኩን ለብሼ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ሮጬ ተመለስኩ። ላቡ ከጫማዬ ይፈስ ነበር። ሥራ ስገባም አላወለቅኩትም። ከጫኞቹ ሁለቱ ቀርተው ስለነበር ጆንያ በማንሳት አገዝኩ፤ ሐጂ "ተይው ልጄ" ቢሉኝም አልሰማሁም። ሲመሽ በክለባችን አዳራሽ፦

ገመድ፣ 15 ደቂቃ
ከረጢት መምታት፣ 8 ዙር
ቁጭ ብድግ፣ 300
ውሃ፣ መጉመጥመጥ ብቻ

ኮች ቁጭ ብድጉን "ሁለት መቶ ይበቃል" ብለው ነበር። መቶውን እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ እሳቸው ዘወር ሲሉ። ላስቲኩን ከላይ በቱታ ስለሸፈንኩት አላዩትም፤ ቢያዩትም የሚቆጡኝ አይመስለኝም።

ጭኖቼ ድንጋይ ሆነዋል። ደረጃ ስወርድ ግድግዳ ይዤ ነው። ነገ ይለቀኛል፣ ሁልጊዜም ይለቀኛል።

ሽንቴ ጠቆር ብሏል። የገለባ ሻዩ ነው። ጅማ ተወልዶ ሽንቱ ጠቁሮ የማያውቅ ማን አለ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ከሆስፒታል ነው የምጽፈው። ግራ እጄ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል፣ ቀኙ ነጻ ነው።

ጠዋት ሽንቴ የቡና አተላ መስሎ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ አለፍኩት። ሰርቦ ደርሼ ከሚኒባሱ ስወርድ ጉልበቴ አልታጠፍ አለ፤ ረዳቱ ጎትቶ አወረደኝ፣ ጠጥቼ የመጣሁ መስሎት ፊቱን አኮሳተረብኝ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ሚዛኑ ላይ መውጣት ነው። 54.5። ግማሽ ኪሎ ብቻ ቀረኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ደስታዬ እስከ ሦስተኛው ገበሬ ቆየ። ቁጥሩን ልጠራ አፌን ስከፍት ቁጥሩ ከፊቴ ጠፋ። ስነቃ ጆንያ ላይ አጋድመውኛል፣ ሐጂ በቆባቸው ያራግቡልኛል፣ ሰልፍ የያዙት ገበሬዎች በኦሮምኛ ዱዓ ያደርጉልኛል። ትናንት "ሌባ ሚዛን" ያሉኝ ሰውዬ ውሃ በጆጋቸው ይዘው ከሁሉም ፊት ነበሩ። ሐጂ ሥራውን አቁመው በራሳቸው መኪና ጅማ ድረስ አመጡኝ። በመኸር ቀን ሥራ ያቆመ የቡና ነጋዴ ከዚህ በፊት አላየሁም።

ነርሷ ሹራቤን ስታወልቅ ላስቲኩን አገኘችው። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ "የቡና ነው" አልኳት። በመቀስ ቀደደችው።

ሲመዝኑኝ የሆስፒታሉ ሚዛን 52 አለ። የተበላሸ መሆን አለበት። ሁለት ኪሎ ተኩል የሚዋሽ ሚዛን እኛ ጋ ቢሆን ገበሬው ሰባብሮ ይጥለው ነበር።

እማዬ ከአልጋዬ ስር ምንጣፍ አንጥፋለች። 


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ፈራሁ። ሪንግ ላይ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በቀስታ ነገረችኝ። ጡንቻ ሲደክም ይጠገናል፤ የእኔ ግን ውሃ ተከልክሎ፣ ምግብ ተከልክሎ፣ በሙቀት ታፍኖ ከአቅሙ በላይ ስለሠራ ተሰባብሯል። ስብርባሪው በደም ተጉዞ ኩላሊቴ ላይ ተከምሯል። ሽንቴን ያጠቆረው እሱ ነው እንጂ ሻይ አይደለም። የጡንቻውን ጉዳት የሚያሳየው ቁጥር ሁለት መቶ አካባቢ መሆን ሲገባው የእኔ ከስልሳ ሺህ በላይ ነው። የኩላሊቴ ደግሞ ከአንድ በታች መሆን ሲገባው 2.1 ነው። ቀስ እያለ ከወረደ ተረፍኩ። ወደ ላይ ከሄደ የኩላሊት እጥበት የሚባለው ማሽን አለ።

እኔ ጅሏ ምን ብዬ ጠየቅኩ? "እሁድ አዳማ መመዘን እችላለሁ?"

ዶክተሯ "እህቴ፣ እኔ ስለ ኩላሊትሽ ነው የማወራው" አለች። እማዬ ያኔ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጣሪያውን እያየሁ ሳለ የላስቲኩ ሌላ ግማሽ ትዝ አለኝ። ሃዊ። በእጄ ቆርጬ፣ በእጄ ቀድጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ኮች ጋ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ላስቲኩን፣ ሽንቱን፣ ስልሳ ሺውን። መልስ ሳይሰጡኝ ስልኩ ተዘጋ።

አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ። በዚያ ሰዓት ውስጥ ስለ ራሴ ኩላሊት አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። አላህን የለመንኩት ለእሷ ነው፤ የእኔን እንደፈቀደ ያድርገው፣ እሷን ግን እንዲያተርፍልኝ።

ኮች መልሰው ሲደውሉ ያለከልኩ ነበር። ኮሌጁ ሜዳ ላይ ላስቲኩን ለብሳ ስትሮጥ ደርሰውባታል፤ እንዲያስቆሟት እሳቸውም መሮጥ ነበረባቸው፣ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው። ከኋላ የሃዊ ድምፅ ይሰማኛል፤ "እኔ ምንም አልሆንኩም እኮ" ትላለች። ውሃ አጠጧት፣ ለምርመራ ወሰዷት። ደህና ናት። አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ሺህ ጊዜ።


ዓርብ፣ ኅዳር 12

የኩላሊቴ ቁጥር 2.0። ዶክተሯ "አልጨመረም፣ ይህ ጥሩ ነው" አለች። አልጨመረም የሚለው ቃል እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሐጂ ከጁምዓ በኋላ መጡ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አንድ ሙሉ የማር ጣሳ። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እንዴት ዋልሽ" አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። ወሬ ለማሳመር የሆስፒታሉ ሚዛን እንደተበላሸ ነገርኳቸው፤ እሳቸው ጋ 54.5 የነበርኩት እዚህ በሰዓታት ውስጥ 52 ሆንኩ አልኩ። ሐጂ ጢማቸውን ያዙ።  ከዚያ ቀስ ብለው "ጣውላውን ቀንሰሻል?" አሉኝ።

ጣውላው። ጆንያው እንዳይንሸራተት ሚዛኑ ላይ የምንዘረጋው ወፍራም ጣውላ አለ። ራሱ ሁለት ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ለእያንዳንዱ ገበሬ ከቁጥሩ ላይ በቃሌ የምቀንሰው እሱን ነው፤ ቀኑን ሙሉ የምንጨቃጨቀውም በእሱ ነው። በቀን መቶ ጊዜ የምቀንሰውን ራሴ ስወጣበት አንድ ጊዜ እንኳ አልቀነስኩም። እኔ ጆንያ አይደለሁማ፣ ማን ያስበዋል።

ሰኞ 56.4 ስል ለካ 53.9 ነበርኩ። ምንም ሳላደርግ፣ እንቁላሌን በልቼ፣ ውሃዬን ጠጥቼ እሁድ ሚዛኑ ላይ ብወጣ አልፍ ነበር። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ለሌለ ኪሎ ነው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ሐጂ ሳቁ፣ ቀጥሎ እኔ። ሳቁ ጭኔን ሲነካው እንባዬ መጣ። እማዬ ምኑ እንዳሳቀን አልገባትም፤ ሳስረዳት ግን አልሳቀችም። "ኪሎው ቢኖርስ ኖሮ?" አለች።  እውነቷን ነው። ጣውላው ባይኖርም ላስቲኩን እለብሰው ነበር።

ሲመሽ ኮች መጡ። በር ላይ ቆመው ለመግባት አመነቱ። ነገ ጠዋት ከሃዊ ጋር ወደ አዳማ ይሄዳሉ። ሃዊ ኪሎ አትቀንስም፤ በልታ ጠጥታ በ60 ትጫወታለች፣ ከእሷ የሚከብዱ ሴቶች ይጠብቋታል፤ ራሷ ናት የመረጠችው። ይህን ከነገሩኝ በኋላም አልሄዱም። ኮፍያቸውን በእጃቸው ሲያሽከረክሩ ቆዩና "የዚያን የማዳበሪያ ከረጢት ታሪክ መጨረሻውን ነግሬያችሁ አላውቅም" አሉ። በሁለት ቀን ሦስት ኪሎ አወረዱ፣ ሚዛኑን አለፉ፣ በማግስቱ ሪንግ ላይ ማንም ሳይነካቸው ወደቁ። ሁለት ሳምንት ተኙ። አፍረው ለማንም አልተናገሩትም፤ የተናገሩት ደስ የሚለውን ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ሰው አምኖበት ይሞክረዋል ብለው አላሰቡም።

"አጥፍቻለሁ ልጄ። ይቅር በይኝ" አሉኝ።

አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ልነሳ ስል የግሉኮሱ ገመድ ያዘኝ። "ኮች፣ እባክዎ እንዲህ አይበሉኝ፣ መቶውን ቁጭ ብድግ የጨመርኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው። ለካ አያውቁም ነበር። በዚያ ደግሞ ተቆጡኝ፣ ሁለታችንም ቀለለን።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

1.6።

የምሸናውን ሁሉ በመስፈሪያ መለካት አለብኝ። እማዬ ሥራውን ተረከበችው፤ እኔን አታምነኝም፣ እውነቷን ነው። ከደብተሬ ጀርባ ላይ እያንዳንዱን በጭረት ትመዘግባለች፤ ቀለሙን ደግሞ በቃል ለነርሷ ሪፖርት ታደርጋለች። ማለዳ "እንደ ጥቁር ማር"። ረፋድ "እንደ ነጭ ማር"። ከሰዓት "እንደ ሻይ፣ ቀጭን ሻይ"። ነርሷ ሳቋን ይዛ ትጽፋለች።

ጭኔ ሲነካ አሁንም ያመኛል፣ ግን እብጠቱ ጎድሏል። ያለ ድጋፍ ሽንት ቤት ሄጄ ተመለስኩ። አሥራ አራት እርምጃ ሄድኩ፣ አሥራ አራት ተመለስኩ። ኮሪደሩ ላይ ያሉ አስታማሚዎች በሙሉ "አይዞሽ" አሉኝ። ስምንት ዙር ከረጢት ከመታሁ በኋላ እንዲህ ያለ ድካም ተሰምቶኝ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ኩራትም።


እሁድ፣ ኅዳር 14

ዛሬ አዳማ ላይ ተመዘኑ።

ልዋሽ አልፈልግም፤ ጠዋት ክፉኛ ተናደድኩ። በጣውላው፣ በራሴ፣ በ54 ኪሎ ስሟ በሚጠራው በማላውቃት ሴት። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ቀን በፒጃማ አለፈ።

ሃዊ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ሰልፉ ላይ ኪሎ ለማጉደል ጠርሙስ ይዘው ምራቃቸውን የሚተፉ ሴቶች አሉ፣ አንዷ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ እሷ ግን ፍርፍር በልታ ስለመጣች የምታፍርበት ነገር የሠራች ይመስላታል። "ሐያትዬ፣ ውሃዬን ለዚያች ልጅ ልሰጣት አልኩ፣ ኮች እምቢ አሉኝ፣ ሚዛኑን ስትጨርስ ሰጠኋት" ትላለች። ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ንዴቴ በሁለተኛው ላይ ለቀቀኝ።

1.3። ሽንት፣ ሎሚ። ይህ የእማዬ ቃል ነው።


ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሃዊ በነጥብ ተሸነፈች። ኮች ሲነግሩኝ ግን ድምፃቸው የተሸናፊ ድምፅ አይደለም። ሦስቱንም ዙር ቆማ ጨረሰች፣ በመጨረሻው ዙር ያቺን ግዙፍ ሴት ገመድ ላይ አስደግፋት ነበር። ግራ ዓይኗ አብጧል። ስልኩን ቀምታ "በሚቀጥለው ቡጢ አበላታለሁ" አለችኝ። እኔ ራሴ ያሸነፍኩ ያህል ደስ አለኝ። ይህ ደስታ ንጹሕ ነው፣ ቅናት የለበትም፤ ፈልጌ አጣሁት።

ዛሬ የማመሰግናቸው፦ ሥራ ያቆሙት ሐጂ። "ሌባ ሚዛን" ያሉኝ ገበሬ፣ ከነጆጋቸው። መቀሷን ያነሳችው ነርስ። የሮጡት ኮች። ከምድር የምትተኛው እናቴ። ያልተሰበረው ኩላሊቴ፣ ምንም ሳልውልለት የዋለልኝ።

1.1። ጡንቻው ገና ብዙ ሺህ ነው፣ ግን እየወረደ ነው።


ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ቤት ነኝ።

ጠዋት የመጨረሻውን ውጤት ይዛ ዶክተሯ መጣች። ኩላሊት፣ 0.8። እንደ ማንኛውም ሰው ኩላሊት። ጡንቻው ቀስ ብሎ ይመጣል። ለስድስት ሳምንት እግር ጉዞ ብቻ፣ ጆንያ ማንሳት የለም፣ በየሳምንቱ ምርመራ። ውሃ መጠጣት፣ በደንብ መብላት። ሁሉንም "እሺ" አልኩ።

አንዱን ጥያቄ ግን መጠየቅ አቃተኝ። መልሱን ፈራሁት። እማዬ አጠገቤ ስለነበረችም ነው። አንድም ቀን ስጫወት መጥታ አታውቅም፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ስሙን እንኳ ጠርታው አታውቅም፣ "ያ ድብድብሽ" ነው የምትለው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ እዚያው እንዲቀር ብትፈልግ አልፈርድባትም ነበር። ጫማዬን አሰርኩ፣ ዶክተሯ ካርዴን ዘግታ ልትወጣ በር ላይ ደረሰች።

እማዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። ነጠላዋን አስተካከለች።

"ዶክተር፣ ይቅርታሽንና፣ ልጄ ቦክሷን መቼ ትጀምራለች?"

ዶክተሯ ተመለሰች። ቃል እንደማትገባ አስቀድማ ተናገረች፤ ምርመራው ንጹሕ ከሆነ ቀለል ያለ ልምምድ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ሪንግ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ይታያል። ላስቲክ የሚባል ነገር ካየች ግን እንዳልመጣባት። እማዬ በጣቷ ቆጠረች፤ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት።

ያኔ አለቀስኩ። ሳምንቱን ሙሉ ያልወጣው ሁሉ ወጣ። እማዬ ቦርሳዬን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ይዛ ኮሪደሩን እያሻገረችኝ "አብሽሪ፣ የካቲት ሩቅ አይደለም" አለችኝ።

ለእኔ ሩቅ ነው። ግን አብራኝ ከቆጠረች እጠብቃለሁ።